«ሡ» ማነው? ጥንታዊ ጀርመናዊ ጽሑፎች ውስጥ «አንተ»ን ለይቶ ወደ አማርኛ የመመለስ አሠራር

በጎትኛ (በጥንት ጎቶች ቋንቋ)፣ በጥንታዊ ኖርስ (በስካንዲኔቪያ የዱሮ ቋንቋ) ወይም በጥንታዊ እንግሊዝኛ፣ ማለትም ከጀርመንኛ ጋር በሚዛመዱት «ጀርመናዊ» ቋንቋዎች የተጻፈ አንድ ገጽ ወደ አማርኛ ለመመለስ ስትቀመጡ ቀላል መስሎ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ቃል «አንተ» የሚለው ነው። መዝገበ ቃላቱ በአንድ መስመር ይገላገለዋል። ያ ቃል፣ «ሡ»፣ ግን አንተንም፣ አንቺንም፣ እርስዎንም በአንድ አፍ ይጠራል። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ሰንጠረዡን ብቻ ተከትዬ መልአኩ ማርያምን «ጌታ ከአንተ ጋር ነው» እንዲላት አድርጌያለሁ። ከዚያ በኋላ ያበጀሁት አሠራር የሚከተለው ነው። አዘጋጁ የምላችሁ ደብተር፣ ሁለት ቀለም እርሳስና ትዕግሥት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ለድምፁ ፊደል መድቡለት

የቃሉ መነሻ ድምፅ በአማርኛ የለም። ምላስ በጥርስ መካከል ገባ ብሎ «ስ» እንደማለት ነው፤ ዓረብኛ የቀራ ሰው «ሣ» የሚባለውን ሦስት ነጥብ ያለውን ፊደል ቢያስታውስ ይበቃዋል። ጥንታዊ እንግሊዞች ከሩን (ከጥንት ጀርመናውያን የተቀረጸ ፊደል) የወሰዱትን የ«እሾህ» ፊደል ይጽፉበት ነበር፤ «ሦርን» ማለት እሾህ ነው። እኛ በንባብ የማንለያቸው ሁለት «ሰ»ዎች ስላሉን አንዱን ሥራ ልስጠው፦ በዚህ ጽሑፍ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ በተጻፈ የባዕድ ቃል ንጉሡ «ሠ» ያንን ድምፅ ይወክላል፣ እሳቱ «ሰ» ደግሞ ተራውን። ስለዚህ «ሡ» ስል ምላሳችሁ ጥርሳችሁ መካከል ይሁን።

ድምፁ ከየት መጣ? የላቲኑ «ቱ» እና የጀርመናውያኑ «ሡ» አንድ አያት አላቸው። በላቲን «ት» ሆኖ የቀረው በጀርመናዊው ቅርንጫፍ ወደ «ሥ» ተሸጋገረ። ይህን የድምፅ ሽግግር ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያዕቆብ ግሪም በ1822 በሰዋስው መጽሐፉ ሁለተኛ እትም ሥርዓት አስይዞ አቅርቦታል፤ ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ በ1818 አብዛኛውን ቀድሞት አስተውሎ ነበር። በኋላ የደጋው አገር ጀርመንኛ ድምፁን ወደ «ድ» ስለለወጠው የዛሬው ጀርመን «ዱ» ይላል።

ሰንጠረዡን በእጃችሁ ጻፉ

ከመጽሐፍ ፎቶ አንስታችሁ አታስቀምጡት፣ በእጅ የተጻፈ ነው የሚቀረው። ቅደም ተከተሉ ባለቤት፣ ቀጥተኛ ተሳቢ፣ ተቀባይ («ለአንተ»)፣ አገናዛቢ («ያንተ») ይሁን።

ጎትኛ፦ «ሡ፣ ሡክ፣ ሡስ፣ ሢና»
ጥንታዊ ኖርስ፦ «ሡ፣ ሢክ፣ ሤር፣ ሢን»
ጥንታዊ እንግሊዝኛ፦ «ሡ፣ ሤ፣ ሤ፣ ሢን»
ጥንታዊ ሳክሶንኛ፦ «ሡ፣ ሢ፣ ሢ፣ ሢን»
ጥንታዊ የደጋ ጀርመንኛ፦ «ዱ፣ ዲኽ፣ ዲር፣ ዲን»

ወደ ታች ስታነቡ አንድ ነገር ዓይን ውስጥ ይገባል። እንግሊዝኛውና ሳክሶንኛው ተሳቢንና ተቀባይን አንድ አድርገዋል፣ ሌሎቹ ለይተው ይዘዋል። እንግሊዝኛውም ቢሆን በቀደሙ ጽሑፎችና በግጥም «ሤክ» የሚል የተለየ ተሳቢ ነበረው፣ ሳክሶንኛውም «ሢክ» አለው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ «ሤክ» ካገኛችሁ ወይ ግጥም ላይ ናችሁ፣ ወይ ከሰሜን በኩል የመጣ ጽሑፍ ይዛችኋል።

አንዷ «ህ» ስንት ሥራ እንደምትሠራ ቁጠሩ

አማርኛ ተናጋሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። «መታህ» ውስጥ «ህ» ተሳቢ ናት። «ሰጠህ» ውስጥ ተቀባይ ናት። «ስምህ» ውስጥ ደግሞ ባለንብረት። እኛ በአንድ ፊደል ሦስቱን ስለምንሸፍን ጎቶች «ሡክ»፣ «ሡስ» እና «ሢን» እያሉ ሲለያዩ ጆሯችን ልዩነቱን አይሰማም። ፈውሱ፦ በረቂቃችሁ ላይ «ህ» በጻፋችሁ ቁጥር በእርሳስ ከሥሯ ዋናው ቃል የትኛው እንደነበር ምልክት አድርጉ።

ለመለማመድ ከአባታችን ሆይ የተሻለ የለም፣ ትርጉሙን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለንና። በአራተኛው መቶ ዘመን ጳጳሱ ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎትኛ መለሰ። የትርጉሙ ዋና ቅጂ፣ በወይን ጠጅ ቀለም በተነከረ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈው የብር መጽሐፍ፣ ዛሬ በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው። ጸሎቱ እንዲህ ይጀምራል፦

«አታ ኡንሳር ሡ ኢን ሂሚናም፣ ዊህናይ ናሞ ሢን፣ ክዊማይ ሢውዲናሱስ ሢንስ፣ ዌርሣይ ዊልያ ሢንስ…»

አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር፣ ስምህ ይቀደስ፣ መንግሥትህ ትምጣ፣ ፈቃድህ ይሁን። አሁን መጨረሻዎቹን ተመልከቱ። አንዴ «ሢን»፣ ሁለቴ «ሢንስ»። «ስም» በጎትኛ ግዑዝ ጾታ ነው፣ «መንግሥት» እና «ፈቃድ» ደግሞ ተባዕት። ማለትም አገናዛቢው የሚስማማው ከሚገናዘበው ነገር ጋር እንጂ ከሚጠራው አካል ጋር አይደለም። በግእዙ «ስምከ፣ መንግሥትከ፣ ፈቃድከ» ውስጥ ያለው «ከ» ወንድ ስለሚጠራ ነው «ከ» የሆነው፣ ለሴት ቢሆን «ኪ» ይሆን ነበር። ሁለቱ አሠራሮች ፊትና ጀርባ ናቸው፤ በ«ሢንስ» መጨረሻ ላይ ተመሥርቶ የተጠራውን ሰው ጾታ የሚወስን ሰው ይሳሳታል።

በስምንተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተጻፈው የዚሁ ጸሎት የደጋ ጀርመንኛ ትርጉም፣ የሳንክት ጋለን ቅጂ፣ ደግሞ «ፋተር ኡንሴር፣ ሡ ፒስት ኢን ሂሚሌ፣ ዊሂ ናሙን ዲናን» ይላል። «ሡ» በጥንቱ ድምፅ ተጽፎ ጥቂት ቃላት አልፎ «ዲናን» በአዲሱ «ድ» ይመጣል። ይህን ስታዩ ጽሕፈቱን ለማረም አትቸኩሉ። ድምፁ እየተለወጠ ባለበት ሰዓት ብዕር ያነሳ ሰው ነው።

ጥንታዊ እንግሊዝኛው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ፋዴር ኡሬ፣ ሡ ሠ ኤአርት ኦን ሄኦቮኑም» ሲል ሁለተኛዋ «ሠ» ተውላጠ ስም አይደለችም፤ «በሰማያት የምትኖር» ውስጥ ያለችው የእኛ «የም» ናት። በብራናው ላይ የአናባቢ ርዝመት ስለማይጻፍ ይህቺኛዋና «አንተን» የምትለው «ሤ» መልካቸው አንድ ነው። አጠገቧ ግሥ ካለና ያ ግሥ ሌላ ተሳቢ የማይፈልግ ከሆነ የ«የም» ሥራ ላይ ናት።

ተውላጠ ስሙን ትታችሁ ግሡን ጠይቁ

ልምድ ያለው አንባቢ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግሥ ላይ ነው። የአሁን ጊዜ ሁለተኛ መደብ ነጠላ መጨረሻው ጥንት «ስ» ብቻ ነበር። በምዕራቦቹ (በእንግሊዝኛውና በደጋው ጀርመንኛ) «ት» ተጨመረችበት። ምክንያቱ ሰዎች ግሡን አስቀድመው ተውላጠ ስሙን ሲያስከትሉ «…ስ ሡ» የሚለው በአፍ ውስጥ «…ስቱ» ሆነ፤ ከዚያ ሰሚው «ት»ዋን የግሡ አካል አድርጎ ቆረጣት። ዛሬ ጀርመኖች የሚሉት «ስት» ከዚያ የተረፈ ነው። በ830ዎቹ አካባቢ የተጻፈው የሂልደብራንት መዝሙር፣ ጥንታዊ የጀርመንኛ የጀግና ግጥም፣ ገና «ዱ … ሳጌስ» («ትናገራለህ») ይላል፤ «ት»ዋ የለችም። ይህቺ ትንሽ ምልክት የጽሑፉን ዕድሜ ለመገመት ትረዳለች።

ጥቂት ግሦች ከዱሮም በ«ት» ብቻ ያልቃሉ፦ ጎትኛና ኖርስ «ስካልት»፣ ጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሼአልት» («ይገባሃል»)፣ «ኤአርት» («ነህ»)፣ «ዊልት» («ትፈልጋለህ»)። እነዚህን በቃል ያዙ፣ ብዙ አይደሉም።

ኃላፊ ጊዜ ላይ ቋንቋዎቹ ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። «ሰጠህ» ለማለት ጎትኛና ኖርስ ሁለቱም «ጋፍት» ይላሉ። የደጋው ጀርመንኛ «ጋቢ» ይላል (በብርድ የምንደርበው አይደለም)፣ እንግሊዝኛው «ዬአቬ»። ማንነቱ ያልታወቀ ቁራጭ ጽሑፍ ቢሰጣችሁ በኃላፊ ጊዜ «ት»ን ካገኛችሁ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን፣ «ኢ» ወይም «ኤ» ካገኛችሁ ወደ ምዕራብ ሂዱ። እኔ ከሁሉ የምወደው መለያ ይህ ነው፤ ተውላጠ ስሞቹ ተቀራራቢ ሆነው ሲያደናግሩ ግሡ አይዋሽም።

የተለጠፈውን አላቁ

በኖርስ «ሡ» ብቻውን ካልቆመ ከግሡ ጀርባ ይለጠፋል። በ1270 ገደማ በተጻፈው የአይስላንድ ብራና ውስጥ ያለው ሃቫማል የተባለው የጥበብ ግጥም ስለ ሩን አቀራረጽና ስለ መሥዋዕት ሲጠይቅ «ቬይስቱ» («ታውቃለህ?») እያለ ስምንት ጊዜ ይደጋግማል። «ቬይስት» ግሥ፣ «ኡ» የ«ሡ» ቅሪት። ለጀማሪ የምመክረው፦ በገጹ ላይ በ«ቱ» ወይም በ«ዱ» የሚያልቅን ግሥ ሁሉ በቀይ ክበቡ፣ በኅዳጉ ላይ ፈትታችሁ ጻፉት። ለአማርኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ባለቤቱን ከግሡ ጋር ሰፍተን የምንኖር ሕዝብ ነን።

የማይተረጎመውን ዝለሉ

መልአኩ ማርያምን በጎትኛ «ኒ ኦግስ ሡስ» ይላታል። ቃል በቃል «ለራስሽ አትፍሪ» እንደማለት ነው፤ ጥንታዊ እንግሊዝኛውም «ኔ ኦንድራድ ሡ ሤ» ይላል፣ ሁለት ተውላጠ ስም ደርድሮ። ጀርመናዊ ቋንቋዎች ለሁለተኛ መደብ የተለየ «ራስ» የሚል ቃል ስላልነበራቸው ያንኑ ተውላጠ ስም መልሰው ይጠቀሙበታል፤ «መፍራት»ን ከመሰሉ ግሦች ጋር ደግሞ ልማድ ሆኖ የገባ ነው። አማርኛው «አትፍሪ» ብቻ ነው። «ለራስሽ» ያለ ተርጓሚ ጎትኛ ማወቁን ያሳያል እንጂ አማርኛ አልጻፈም።

ሁለት ሰዎች ከሆኑ ነጠላም ብዙም አይደሉም

ጥንታዊዎቹ ቋንቋዎች ለሁለት ሰዎች ብቻ የተለየ ተውላጠ ስም ነበራቸው። ጌታ ኢየሱስ ሁለት ደቀ መዛሙርት ሲልክ (ማርቆስ 11፥2) ጎትኛው «ጋንጋትስ ኢን ሃይም ሦ ዊሥራዌርሦን ኢንክዊስ» ይላል፦ «በፊታችሁ ወዳለችው መንደር ሂዱ»። ግሡም ተውላጠ ስሙም የጥንድ ናቸው። የሚገርመው የግሪኩ ምንጭ ተራ ብዙ ቁጥር ነው፤ ጥንዱን ያስገባው ተርጓሚው ነው፣ ቋንቋው ስላስገደደው። ለጥንድ በእንግሊዝኛው ባለቤት «ዪት»፣ ተሳቢ «ኢንክ»፣ በኖርስ ባለቤት «ኢት» ታገኛላችሁ። በቤዎዉልፍ፣ በጥንታዊው የእንግሊዝኛ የጀግና ግጥም፣ ውስጥ የንጉሡ ባለሟል ኡንፈርዝ ጀግናውን ቤዎዉልፍንና ተፎካካሪውን ብሬካን በባሕር ዋና ውድድራቸው ሲያሾፍባቸው «ዪት» እያለ ነው የሚናገረው። በአማርኛ አንዴ «ሁለታችሁ» በሉና በ«ችሁ» ቀጥሉ። በየዓረፍተ ነገሩ «ሁለታችሁ» ማለት ያሰለቻል።

ኖርስ ላይ «ሤር»ን ስታገኙ ግን ቁሙ። በነጠላ «ለአንተ» ነው። በኋለኞቹ ጽሑፎች ደግሞ «እናንተ» የሚል ባለቤት ይሆናል። የዱሮው ብዙ «ኤር» ነበር፤ ከፊቱ ያለው ግሥ በጥርስ ድምፅ ስለሚያልቅ ድምፁ ተሻግሮ ተጣበቀና «ሤር» አደረገው፣ «ኢት»ም በዚሁ መንገድ «ሢት» ሆነ። መፍትሔው ያው ግሡ ነው፦ «ታላር» («ትናገራለህ») ካለ የሚጠራው ነጠላ ነው፣ «ታሊዝ» ካለ (እዚህ «ዝ» የ«ሠ» ነዛሪ ጓደኛ ናት) ብዙ ነው፣ ስለዚህ «ሤር» «እናንተ» ነው።

ጾታውን ከቅጽሉ ፈልጉ

«ሡ» ወንድም ሴትም ነው። አማርኛ ግን ሳይወስን መናገር አይችልም። ሉቃስ 1፥28 በጎትኛ፦ «ፋጊኖ፣ አንስታይ አውዳሃፍታ፣ ፍራውያ ሚሥ ሡስ፤ ሢውሢዶ ሡ ኢን ክዊኖም»። ተውላጠ ስሞቹ ምንም አይነግሩንም። ሴት መሆኗን የሚናገሩት «አውዳሃፍታ» («ጸጋ የሞላብሽ») እና «ሢውሢዶ» («የተባረክሽ») የተባሉት ሁለት ቅጽሎች በአንስታይ መጨረሻቸው ናቸው። አማርኛው በዚያች በአንዲት ዓረፍተ ነገር «ይበልሽ፣ የሞላብሽ፣ አንቺ፣ አንቺ፣ የተባረክሽ፣ ነሽ» እያለ ስድስት ጊዜ ሴትነቷን ያውጃል። ቅጽል ከሌለ ስሙን፣ ስም ከሌለ የታሪኩን አካሄድ ጠይቁ። ሳይወስኑ ገጹን መጀመር ግን በኋላ ሃምሳ ግሥ ማረም ነው፤ ደርሶብኛል።

አክብሮቱን ከተውላጠ ስሙ ውጭ ፈልጉ

ብዙ ጊዜ የምትወስደው ደረጃ ይህቺ ናት። ጥንታዊ እንግሊዝኛ «እርስዎ» የለውም። ቤዎዉልፍ ንጉሥ ሮዝጋር ፊት ቀርቦ የመጀመሪያ ሰላምታው «ዋስ ሡ፣ ሮዝጋር፣ ሃል» ነው፤ «ደኅና ሁን» እንደማለት፣ በስሙ እየጠራ። በመነኩሴው ኤልፍሪክ የላቲን መማሪያ ውይይት ላይ በተጻፈው የእንግሊዝኛ ትርጉም ደግሞ መምህሩ ገበሬውን «ኋት ሳዬስት ሡ» («ምን ትላለህ?») ይለዋል፤ ገበሬውም ሲመልስ «ሌኦፍ ሃላቮርድ» ብሎ ይጀምራል፣ «የተወደዱ ጌታዬ» ብለን እንመልሰው። አክብሮቱ ያለው በጥሪው ውስጥ ነው። ተርጓሚ ሆይ፣ ያንን ጥሪ አይታችሁ «እርስዎ»ን ብትሰጡት ትክክል ናችሁ፤ ተውላጠ ስሙን ብቻ አይታችሁ ከሆነ ግን ምንም ማስረጃ የላችሁም።

ለንጉሡስ? ብዙ ተማሪ በቀጥታ «እርስዎ» ይላል። እኔ አልስማማም። የአማርኛው መጽሐፈ ዳንኤል ውስጥ «ንጉሥ ሆይ፥ ሺህ ዓመት ንገሥ» ነው የሚባለው፣ በነጠላ። አማርኛ ለጥንት ንጉሥ የሚሆን ከፍ ያለ «አንተ» አለው፣ ቁልፉም «ሆይ» ናት። ለሮዝጋር የሚስማማው ያ ነው። «እርስዎ» ብትሉት የጦር አዳራሹ ቢሮ ይመስላል።

ብዙ ቁጥርን ለአንድ የተከበረ ሰው መጠቀም በላቲን ተጽእኖ ቀስ እያለ ገባ። ከ863 እስከ 871 ባለው ጊዜ ወንጌልን በግጥም የጻፈው የዋይሰንቡርግ መነኩሴ ኦትፍሪድ ለጳጳሱ ሰሎሞ ባቀረበው መቅድም ብዙ ቁጥር ይጠቀማል። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን የኖርዌይ «የንጉሥ መስታወት» ደግሞ ንጉሥ ለምን በብዙ ቁጥር እንደሚጠራ ልጅ አባቱን ሲጠይቅ ያስነብባል። እንዲህ ባሉ ጽሑፎች ላይ ነጠላው «ሡ» ክብደት ያገኛል፤ ብዙው እያለ ነጠላው ከመጣ «አንተ» የሚለው መናቅ፣ መቅረብ ወይም መቆጣት ሊሆን ይችላል። ከእነዚያ በፊት ባለ ጽሑፍ ግን ከ«ሡ» ንቀት አትጭመቁ።

መጨረሻ ላይ ራሳችሁን የምትፈትኑበት ቁራጭ የሂልደብራንት መዝሙር ይሁን። አባት ከሠላሳ ዓመት ስደት ሲመለስ በሁለት ሠራዊት መካከል ከገዛ ልጁ ጋር ይጋጠማል። ልጁ አያውቀውም። ሽማግሌው ማንነቱን ሲጠይቀው «ኢቡ ዱ ሚ ኤናን ሳጌስ፣ ኢክ ሚ ዴ ኦድሬ ዌት» ይላል፦ «(ከዘመዶችህ) አንዱን ብትነግረኝ ሌሎቹን እኔው አውቃቸዋለሁ»። ለጋው ወጣት «አንተ» መባሉ ለእኛ ጆሮ ተገቢ ነው። ቆይቶ ሽማግሌው የወርቅ አምባር ሲሰጠው ልጁ ይጠረጥርና «ዱ ቢስት ዲር፣ አልተር ሁን፣ ኡመት ስፓሄር» ብሎ ይመልሳል፦ «አንተ ሽማግሌ የሁን ሕዝብ ሰው፣ ተንኮልህ ልክ የለውም»። «ዲር» ከላይ እንዳልነው የምትዘለል ናት።

እዚህ ምን ትመርጣላችሁ? በአገራችን ሽበት ያለውን ሰው ጠላትም ቢሆን «አንቱ» የሚል አለ፣ አንዱ ተማሪዬም «አንቱ» ብሎ ጽፎ አመጣልኝ፤ ልጁ በደም ሳያውቀው አክብሮት አምልጦት ይውጣ ብሎ ነው። ቆንጆ ሐሳብ ነው፣ ግን የእርሱ ሐሳብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ አባትና ልጅ አንድ ዓይነት «ዱ» ነው የሚወራወሩት፣ እንደ ጦር። እኔ በሁለቱም አፍ «አንተ»ን አኖራለሁ፣ ልጁ ከሰደበው በኋላም፣ አባቱ «ወዮልኝ» ካለ በኋላም፣ ሁለት መነኮሳት በአንድ የሃይማኖት መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ የገለበጡት ግጥም ውጊያው መሐል ቦታ አልቆበት እስከሚቋረጥበት መስመር ድረስ።